በቀይ ቀለም የታረመ አንገት

መስከረም 23 ቀን

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። አንተ በሰው አገር፣ እኔም መጻሕፍት ባጣበቧት በዚህች ክፍሌ ብንሆንም፣ ማለዳ ስነሣ አስቀድሜ የማስበው አንተን ነው። ፈጣሪ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልህ፤ የታክሲ ሥራህንም ይባርክልህ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልህ ለሰላምታ ወግ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

ትተህልኝ የሄድካት ሰማያዊ መኪናህ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከኋላዋ ተገጨች። መነጽሬን አስጠግኜ ስመለስ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ያለው የትራፊክ መብራት ቀይ ሆኖ ቆሜ ነበር። ያካፋል። ድንገት ሳህን ከመደርደሪያ የወደቀ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ባርኔጣዬም ጭኔ ላይ ዐረፈች። ነገሩ ይኸው ነው። የቀኝ የኋላ መብራቷ ረግፏል፣ መከላከያዋ ተሰርጉዷል፣ የዕቃ መጫኛዋ ክዳንም አልገጥም ብሎ በገመድ አስሬዋለሁ።

የገጨችኝ ተማሪዎች የምታመላልስ የሰርቪስ ሾፌር ናት። ልጆቹን አድርሳ ባዶዋን ስትመለስ፣ አንዱ ልጅ የረሳው የውኃ ኮዳ ተንከባሎ ፍሬኑ ሥር ተሰንቅሮባት ኖሯል። ኮዳውን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«አባቴ! አባቴ፣ ተጎዱ?»

«ባርኔጣዬ ወደቀች እንጂ እኔስ እንደተቀመጥኩ ነኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያውም አለቀሰች። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ለካ፣ ጠየቀ፣ «የንብረት ጉዳት ብቻ» ብሎ መዘገበ። እርሷም ሳታንገራግር «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ፈረመች። የእርሷ መድን መኪናህን ያስጠግናል ተብሏል። በእኔ ዘመን ሰው ከሰው ጋር የሚጋጨውም የሚለያየውም እንዲህ በጨዋ ደንብ ነበር፤ በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ደስታዬን ያጠፋብኝ ዙሪያችንን የከበበው ሰው ነው። አንድ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ጎልማሳ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «አባት፣ ምን ሆነው ይነሣሉ? ይተኙ እንጂ!» አለኝ።

«ለምን ብዬ ነው የምተኛው?»

«አንገቴን ይበሉ! አንገት በራጅ አይታይም!»

ሌላውም ከኋላው «ወገብም ጥሩ ነው» ሲል ጨመረለት። ልጄ፣ ቀፈፈኝ። ሴትዮዋ ገና እንባዋን እየጠረገች፣ እነርሱ ከእኔ ገላ የትኛው ብልት እንደሚያዋጣ እንደ ሥጋ ገዢ ይመርጣሉ። መስኮቱን ዘግቼ ሄድኩ።

መኪናይቱ በስምህ ስለሆነች ማወቅ ይገባሃል ብዬ ጻፍኩልህ። ስልክ ላይ ጆሮዬ እንደማይረዳኝ ታውቃለህ፤ አንተም ጻፍልኝ።

አጎትህ


ጥቅምት 6 ቀን

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና ደህና ነኝ። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እናቴን ካጣሁ ወዲህ ያለ እርስዎ ማን አለኝ?

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይታለፍም። በዚያው ቀን የማያም፣ ከሳምንት በኋላ የሚነሣ ሕመም አለ። እዚህ አገር ከኋላ የተገጨ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንገቱን ነው። ጠዋት ሲነሡ አይጨመድድዎትም? ወደ ግራ ሲያዞሩስ? በደንብ ያስቡት እስቲ።

ለማንኛውም የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ልኬልዎታለሁ። ቀልጣፋው እያልን የምንጠራው ነው፤ ያስታውሱታል። አሁን ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኗል፤ የመድን ነገር አብጠርጥሮ ያውቃል። ሐኪም ጋ ይወስድዎታል። እርስዎ አይድከሙ፣ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። ሴትዮዋ ብትደውል ወይም ብትመጣ ግን ባያናግሯት ይሻላል። ክፋት አይደለም፤ አሠራሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ታክሲዬን መርቀውልኛል። ደህና ናት፣ ሥራም አለ።

እግርዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ


ጥቅምት 24 ቀን

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጤናህን ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል፤ ፈጣሪ ከክፉ ሰውና ከክፉ ምክር ይጠብቅህ። የምክሩን ነገር የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀልጣፋው መጣ። ያ ደብተሩን ሁልጊዜ ከሰው የሚገለብጠው ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ከጫማው ነው፤ ዛሬም እንደ ያኔው ተረከዙን ረግጦ ያደርገዋል። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ አንገትዎ እንዴት ነው?» አለኝ። «እንዳየኸው ራሴን ተሸክሞልኛል» ስለው «እሱን ለሰው እንዳይናገሩ!» ብሎ በሩን ዘጋው።

ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፤ አንተን ላለማስቀየም ስል ሄድኩ። ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ናት። ደረጃው ላይ ሰባት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም እንደ እኔ አንገታቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ ሁሉም ግን ስም በተጠራ ቁጥር ዘወር እያሉ ያያሉ። ሐኪሙ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። እጁ ገላዬን አልነካውም። «ዕድሜ?» አለኝ፤ ነገርኩት። «ያማል» ብሎ ጻፈ። እንደ አንገትጌ የሚታሠር ነጭ የስፖንጅ ድጋፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። የማን አንገት አድርጎት እንደነበር አላውቅም፤ ውስጡ በላብ ወይቧል። በሁለት ጣቴ ይዤው ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

የባሰው የተከተለው ነው። ቀልጣፋው በእኔ ስም የተጻፈ የሦስት ገጽ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። መጀመሪያውን ላስነብብህ፤ «ግለሰቡ በደረሰባቸው ከባድ ግጭት ምክንያት አንገታቸው የመዞር አቅም በማጣቱ ምክንያት በእንቅልፍ እጦት ምክንያት ከፍተኛ ስቃይ ላይ ይገኛሉ።» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ምክንያት!

«ይህ ሐሰት ነው» አልኩት። «ለማንም አይሰጥም።»

«ምን ሐሰት አለው ጋሼ፤ ረቂቅ ነው። ረቂቅ ደግሞ ሐሰት አይባልም። ቋንቋውን ብቻ ቢያዩልኝ? እርስዎ እያሉ እንዲህ ተጨማልቆ ሲቀር ያሳዝናል።»

አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ስነሣና ስቀመጥ የኖርኩት በአራሚነት ነው። ሰው ረቂቅ ብሎ ወረቀት ሲያቀርብልኝ እጄ ሳላዘው ቀይ ብዕር ይፈልጋል። ምክንያቶቹን አወጣኋቸው። «ከግጭቱ ወዲህ አንገታቸውን ማዞር ተስኗቸዋል፤ ሕመሙም እንቅልፍ ነሥቷቸዋል» ብዬ አቀናሁለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዐሥራ አንድ ስሕተት፣ ሦስተኛው ላይ ከዚያ የሚበልጥ አገኘሁ። እንደ ልማዴም በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማዬን አኖርኩ፤ ያለ እርሷ ከእጄ የወጣ ወረቀት የለም። በማተሚያ ቤታችን ያቺ ፊርማ አይቼዋለሁ ማለት ነበረች፤ አለቆቻችን ቀለም የሚያስነኩት እርሷን ካዩ በኋላ ብቻ ነበር። ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን ነበር! አንድ ፊደል ብትጎድል ሰው ያፍር ነበር።

ቀልጣፋው ጉልበቴን ስሞ፣ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ሐሰት መሆኑን በር ላይ ደግሜ ነግሬዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ አትላክብኝ።

አጎትህ


ኅዳር 9 ቀን

ውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ፈጣሪ ያክብርልኝ፤ ውለታዎን በምን እመልሰዋለሁ!

መጀመሪያ እንቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀልጣፋው ደውሎ ወረቀቱን በእጅዎ አርመው በየገጹ እንደፈረሙበት ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ። እንደ እሱ አባባል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ንጹሑን ቅጂ ትቶ ያንን በቀይ የታረመውን ራሱን ነው ያስገባው፤ ባለጉዳዩ ቃል በቃል አንብቦ ማጽደቁ ይታያል ብሎ። መዝገቡ ከንብረት ወደ አካል ጉዳት ተዛውሯል።

አሁን ጥቂት ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። ሰው ሲመጣ የአንገት ድጋፉን ያድርጉ። ከቤት ሲወጡ በእግርዎ ወይም በታክሲ ይሁን፤ መኪናዋን ሲነዱ ማንም እንዳያይዎት። ያ ጎረቤትዎ መጽሐፍ ጠራዡም ወሬ አይችልምና እሱንም ይጠንቀቁት።

ጉዳዩ ሲያልቅ ሁሉንም አጫውትዎታለሁ። አሁን አይጠይቁኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ያንተን ደብዳቤ ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩ።

ሐሰቱን እኔ አሳመርኩት ማለት ነው! ያ ወረቀት እንደ መጀመሪያው በሦስት ምክንያት ተተብትቦ ቢቀርብ ማንም አያምነውም ነበር። ሰው እንዲያምነው አድርጌ ያቃናሁት እኔ ነኝ። ጠራዡ ጎረቤቴ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «አንተ ሰው፣ የሞት ፍርድህንም ቢያመጡልህ ሰረዝ ጨምረህ ትመልሰዋለህ!» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ወር ሙሉ ያቺን አጭር ፊርማ በኩራት ሳስባት መክረሜ አሳፈረኝ።

በደብዳቤህ ማግስት ሰርቪስ ሾፌሯ ከደጄ ቆማ አገኘኋት። ደውል አልደወለችም። እጇ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛለች።

«ልጄ፣ ግቢ» አልኳት።

«አልገባም አባት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ዕለት አመመዎት?»

«አላመመኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አያመኝም።»

«ታዲያ አንገትዎን ካላመመዎት ምን አስፈረመዎት?»

ስለ ረቂቅ፣ ስለ ማተሚያ ቤት ልማድ ልነግራት ጀመርኩ። አፌ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ እንደ ተበላሸ ወተት ሆነብኝ። እርሷም እስከ መጨረሻው አልሰማችኝም።

«መንጃ ፈቃዴን ወስደውታል» አለች። «ልጆች የሚያመላልስ ሾፌር ሰው ጎድቷል ከተባለ መዝገቡ እስኪዘጋ አይነዳም። ትምህርት ቤቱ እስከ የካቲት መጀመሪያ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ መስመሬን ለሌላ ይሰጣሉ። ዐሥራ አራት ልጆች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን አርፍጄባቸው አላውቅም። እኔ የፈረምኩት ላደረግኩት ነው፤ እርስዎ ላልሆነ ነገር ይፈርማሉ!»

ሄደች። «ልጄ» ብዬ ስጠራት አልዞረችም።

ስለዚህ የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለቀልጣፋው ጻፍለት፤ ማመልከቻውን በራሱ እጅ ያንሣ። አንተ የመኪናዋ ባለቤት ነህና ቃልህ ይሰማል። ደግሞም ለምን ብለህ እንዳደረግከው ንገረኝ። ክፉ ልጅ አልነበርክም። እናትህ ታማ በተኛችበት ወራት ከጎኗ ሳትለይ ጋዜጣ ታነብላት የነበርከው አንተ ነህ። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ ላይ ነው ሌላ ሰው የሆንከው?

አጎትህ


ጥር 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

በሕይወት ያቆይህ። አርባ ቀን ሙሉ መልስ አጣሁ። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር የምታስተናግደኝ ልጅ ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ወይ ታመሃል፣ ወይ አፍረሃል። ብታፍር እመርጣለሁ።

አንተ ዝም ስትል እኔው ራሴ ማመልከቻው ወደገባበት መዝገብ ቤት ሄድኩ። አራተኛው መስኮት ላይ ያለው ሹም ወረቀቴን አገላብጦ አየና እንደ ማድነቅ አለ።

«አባት፣ እኔ እዚህ ስቀመጥ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው ሳያነብ ይፈርማል። እርስዎ ነጠላ ሰረዝ ሳትቀር አርመዋል!»

«ያረምኩት ቋንቋውን ነው፤ አንገቴ ጤነኛ ነው» አልኩት።

«እሱን ሐኪም ነው የሚያውቀው። ጤነኛ ነዎት የሚል ወረቀት ያምጡ።»

ከጎማ መሸጫው በላይ ወዳለው ሐኪም ወጣሁ። አሁንም ዓይኑን አላነሣም። «የጤነኛ ቅጽ የለንም» አለኝ። «ያለን የበሽተኛ ነው።» ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የባልደረባውን ቃል አላፈርስም አለኝ። ሦስተኛው ጉቦ ሊጠይቀኝ እንዳሰበ ከዓይኑ ስላወቅኩ ጥዬው ወጣሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ መታመሜን የሚመሰክርልኝ ሞልቷል፤ ደህና መሆኔን የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ጠፋ። ስመለስ መንገዱ ሁሉ አስጠላኝ፤ የሚስቀውም፣ የሚያስነጥሰውም፣ ቆሎ የሚቆረጥመውም ሳይቀር።

በመጨረሻ ሹሙ አንድ ነገር ነገረኝ። የካቲት 5 ቀን ጠዋት መዝገቡ በሦስት ሰዎች ፊት ይታያል። እዚያ ቀርቤ በአፌ ከተናገርኩ ይመዘገባል። ካልቀረብኩ ወረቀቱ እንዳለ ይጸድቃል።

ለሴትዮዋ የቀራት ጊዜም እስከዚያው ነው። እኔ እቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያንተን ቃል እፈልጋለሁ። እባክህ ጻፍ።

አጎትህ


ጥር 19 ቀን

ጋሼ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። ይማሩኝ።

ታክሲ አልነዳም። መንዳት ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እየጻፍኩ ያታለልኩዎት እንዳያዝኑ ብዬ ነው፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር። የምሠራው መኪና ማጠቢያ ውስጥ ነው። የሌላ ሰው መኪና ወንበር ሥር ገብቼ የወዳደቀ ማስቲካና ፀጉር እለቅማለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ቀይ መብራት ላይ ከፊቴ የቆመች መኪና ነካሁ። መንካት ነው ጋሼ፤ ጭረቷን በጣት ይሸፍኗታል። ሰውዬው ወርዶ አየና ሳቀ። ዝናብ ስለነበር ወረቀት ስንለዋወጥ ጃንጥላውን ይዞልኝ ነበር። «በሁላችንም ላይ ይደርሳል» አለኝ። በዚህ አገር እንዲህ በደግ ያናገረኝ ሰው ስላልነበር፣ ያን ሳምንት ለሰው ሁሉ አወራሁት።

በወሩ መጥሪያ ደረሰኝ። የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንገቱ ላይ ያ ነጭ ነገር ታሥሮ አየሁት። መዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን ነው ወደኔ ያዞረው። ዓይኔን አየኝ፤ እንደማያውቀኝ ሆነ። መንጃ ፈቃዴን ወሰዱብኝ፤ ሥራዬም በዚያው ቀረ። ሲወጣ ደረጃው ላይ ድጋፉን ፈትቶ አንገቱን ሲያክ አየሁት።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ያሰብኩት እሱን ነው። እነሱ ሲያደርጉት ሕግ ነው፤ እኔ ባደርገው ነውር ይሆናል? ሁሉም እንደዚህ ከሆነ እኔ ብቻ ለምን ሞኝ እሆናለሁ? ካሳው ቢገኝ አዲስ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። ሴትዮዋን አላሰብኳትም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ላስባትም አልፈለግኩም።

የመጨረሻ ልመናዬ ይኸው ነው። ይዋሹ አልልዎትም። የካቲት 5 ቀን ዝም ብለው ቤትዎ ይዋሉ። ሰው ቤቱ ቢውል ምን ሐሰት አለው? ከቀረቡም እንኳ ስሜን አያንሡ። እዚህ ጥፋተኛ ተብዬ ተጽፌያለሁ፤ አገሬም ላይ ከተጻፍኩ መመለሻ የለኝም።

ልጅዎ


የካቲት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ አጉድዬብህ አላውቅም፤ ዛሬም አላጎድልም። ጤና ሁን። ምግብህን በሰዓቱ ብላ። የሰው ቆሻሻ ስትለቅም ጓንት አድርግ።

ደብዳቤህ ከቀጠሮው በሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ጃንጥላ የያዘልህን ሰው ተጸየፍኩት። ስላንተም አለቀስኩ፤ ብቻህን እንዲያ ስትዋረድ እኔ እዚህ ሆኜ ታክሲህን እመርቅ ነበር። ነገር ግን ልጄ፣ ብድሩን ለማን ነው የመለስከው? ለዚያ ሰው አይደለም። እርሱ አንገቱን እያከከ ቤቱ ገብቷል። የመለስከው ኮዳ ለተንከባለለባት ሴት ነው። በእርሷ ላይ የሆንከው ያንኑ ሰውዬ ነው፤ ልዩነቱ ያንተን ድጋፍ ያሠርከው በእኔ አንገት ላይ መሆኑ ነው።

ቀረብኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ፣ እኛ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ሴትዮዋ ከጫፍ፣ ቀልጣፋው ከመካከል፣ እኔ በዚህ በኩል። ሽቶው አፍንጫዬን ዘጋው። ገና ስነሣ ቀደመኝና፣ «ክቡራን፣ ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይረሳሉ። አንዳንድ ቀን ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቁኝም» አለ።

«ማን እንደሆንክ አሳምሬ አውቃለሁ» አልኩት። ሴትዮዋ ወለሉን ታያለች።

የመካከሉ ሹም «እስቲ አንገትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ» አለኝ። አዞርኩ። «ወደ ግራ።» አዞርኩ። «ወደ ላይ።» ጣራው ላይ የዝናብ ውኃ የሠራው ቡናማ እድፍ አለ፤ እርሱን አየሁት። በሰባ አራት ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ ገበያ እንደወጣ ዶሮ አንገቴን አዟዟርኩ። አላፈርኩም። በዚያ ሁሉ ወራት ያላፈርኩበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ወረቀቴን አነሣ። «እጁ የእርስዎ ነው?»

«ቀዩ ሁሉ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ነገሩ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ አሳመርኩት። ለዚህ የሚገባኝን ስጡኝ።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ከእርስዎ ሌላ ይህን ያሰበ ሰው አለ?»

ቀልጣፋው እግሬን በእግሩ ነካ አደረገኝ። «የለም» ብል በዚያው ያበቃ ነበር፤ አንድ የጃጀ አራሚ በልማዱ ተሳሳተ ተብሎ ይዘጋል። ያንተ ልመና በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መታጠፊያው ሲቆረቁረኝ ይሰማኛል። እናትህ ፊቴ ላይ መጣች። የእርሷን ልጅ በገዛ አፌ አሳልፌ ልሰጥ ነው። በዚያች አፍታ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ተስፋ አልነበራትም። እርሷ ያየችኝ፣ ያ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲዞር አንተ ባየኸው ዓይን ነው፤ ሰውዬው አሁን ምን ሊል ይሆን በሚል ዓይን።

ስምህን ሰጠሁ። ከነአባትህ ስም አስጻፍኩ። የቀልጣፋውንም፣ የሐኪሙንም ጨመርኩ።

መዝገቡ በዚያው ሰዓት ተዘጋ። መንጃ ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ ገፍተው መለሱላት። እኔን ቀጥተውኛል፤ ልክ ነው፤ ለአንተ የሚዘረዘር አይደለም። ሐሰት ስላቀረብንበት መኪናህን የሚያስጠግን መድን ከእንግዲህ የለም፤ ክዳኗ በገመድ እንደታሠረ ነው። በስምህ ደግሞ ቀይ ክር የታሠረበት መዝገብ ተከፍቷል፤ አገር በገባህ ቀን ቀርበህ ቃልህን ትሰጣለህ።

ኮሪደሩ ላይ ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቃት ደረስኩባት። «እንዳመሰግንዎት ጠብቀው ከሆነ አላመሰግንም» አለችኝ። «የሰጡኝ የራሴን ነው። መስመሬንም ትናንት ለሌላ ሰጥተውታል።» ልክ ነሽ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ዋና ኃላፊውን አነጋገርኩት። ሌላ መስመር ሲከፈት እንደሚያስቧት ነግሮኛል። የሚያስቧት መሆናቸውን እስካይ ድረስ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ብሰለቸውም እርሱ ይቻለኝ።

አንተን ግን ልንገርህ። አሁንም ያደረግከው ይዘገንነኛል። ደብዳቤህን አንሥቼ ሳነብ «ሰው ቤቱ ቢውል ምን ሐሰት አለው» የምትለው ላይ ስደርስ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፈ እጅ እናትህን ያስታመመ እጅ መሆኑን ማመን ያቅተኛል፤ ግን ነው። ሁለቱም ያንተ ናቸው።

መመለሻ የለኝም ብለሃል። አለህ። መዝገብ ቤቱ ከዋናው በር ገብተህ በስተግራ ነው፤ የሚያስፈራ ሕንፃ አይደለም። ሹሙን ጠይቄዋለሁ፤ በገዛ ፈቃዱ ለመጣ ሰው ነገሩ ይቀልለታል ብሎኛል። ባይቀልም ና። ያደረስኩብህን አውቃለሁ፤ ልትጠላኝም ትችላለህ፣ እየጠላኸኝ ና። ስምህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝና፣ ስምህ በተጠራ ቀን ከጎንህ የምቆመውም እኔው ነኝ። ዕድሜዬን ታውቀዋለህ፤ አትዘግይ።

አጎትህ